ጨረቃን በቀርከሃ የለካው ሰው፦ የህንዳዊው ሊቅ የፓታኒ ሳማንታ ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች የአንድ ስመ ጥር ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናቀርብ ሲጠይቁን፣ አብዛኛው አንባቢ የአገራችንን አርበኛ ወይም ደራሲ እንደሚጠብቅ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ስለ እነርሱ በየበዓሉ ተጽፏል፣ ወደፊትም ይጻፋል። እኛ ግን ለዚህ እትም አንድ ህንዳዊ መርጠናል።

ምክንያታችን ሩቅ አይደለም። ዛሬ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለን ሰዎች አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩን መምህራን ብዙዎቹ ህንዶች ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ለጆሯችን ቢያስቸግርም ሒሳባቸው ንጹሕ ነበር። እዚህ ናይሮቢ ደግሞ ሱቃችን ከህንዶች ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እነርሱ የሚጾሙበትን ቀን እኛ፣ እኛ የምንጾምበትን ቀን እነርሱ ካወቅን ቆይተናል፤ ጾም ሲገባ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚሸጥና የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚያድር ለነጋዴ አይነገረውም። ልጆቻችን ግን በየዓመቱ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ፋሲካ ለምን ቀኑን ይቀያይራል? የህንዶቹ ዲዋሊስ? የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳንስ? የሦስቱም መልስ ጨረቃ ናት።

ጨረቃ ዛሬ ማታ ሰማይ ላይ የት ትገኛለች፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመትስ በዚህች ሌሊት የት ትሆናለች የሚለውን በሒሳብ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ሒሳብ በሩቅ ማያ መነጽር ሳይረዳ፣ እንግሊዝኛ ሳያውቅ፣ በቀርከሃና በእንጨት መሣሪያ ብቻ ያቃናው ሰው ሳማንታ ቻንድራሼካር ይባላል። ቻንድራሼካር ማለት ጨረቃን በራሱ ላይ የደፋ ማለት ነው። ስም መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንዲህ ሲገጥም ነው። ሕዝቡ ግን ፓታኒ ሳማንታ ብሎ ይጠራዋል፤ እኛም እንዲሁ እንጠራዋለን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ዘመን አቆጣጠር የሚያወራ ጽሑፍ ይህን ሳይናገር ቢጀምር ነውር ይሆናል።

ፓታኒ ሳማንታ የተወለደው ዲሴምበር 13 ቀን 1835 በምሥራቅ ህንድ፣ ዛሬ ኦዲሻ በምትባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ካንዳፓራ በተባለች ስፍራ ነው። ካንዳፓራ በዚያን ጊዜ በኮረብታና በደን የተከበበች፣ በእንግሊዞች የበላይነት ሥር የራሷ ንጉሥ የነበራት ትንሽ ግዛት ነበረች። ቤተሰቡ ከንጉሡ ዘር ቢሆንም ከታናሹ ወገን ስለሆነ ስሙ እንጂ ሀብቱ ያን ያህል አልነበረም። አባቱ ሽያማባንዱ፣ እናቱ ቢሽኑማሊ ይባላሉ።

ፓታኒ የሚለው ስም የራሱ ታሪክ አለው። እንደሚነገረው ወላጆቹ ከእርሱ በፊት ልጅ አልበረከተላቸውም ነበር። ስለዚህ ይህኛው ሲወለድ ክፉ ነገር እንዳያገኘው ለአንድ ሙስሊም ፈቂር በስም ሸጡትና ፓታኒ ተባለ፤ ፓታን የሙስሊም ጎሣ ስም ነውና። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችንም ልጅ የማይበረክትለት ቤት አዲስ የተወለደውን ሞት እንዳይመኘው ያልሆነ ስም ያወጣለታል፤ አለዚያም የሌላ ሰው ልጅ ነው ያስብላል። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባሉ ሰዎች ከመካከላችን ስንት ናቸው? እንግዲህ የሂንዱ ንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ በሙስሊም ስም አደገ፣ በዚያው ስም ታዋቂ ሆነ።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገባም። ሳንስክሪትን ማለትም የህንዶቹን ግዕዝ በባህላዊው መንገድ ተማረ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አጎቱ የከዋክብትን ስምና ቦታ ያሳየው ጀመር። ከዚያ በኋላ መምህሩ በቤተሰቡ ዘንድ የነበሩት የጥንት መጻሕፍት ሆኑ። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን ቦታ በመጻሕፍቱ መሠረት ራሱ ማስላት ቻለ። ችግሩም የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ያሰላውን ይዞ ማታ ወደ ሰማይ ሲመለከት መጽሐፉና ሰማዩ አልተስማሙም።

ነገሩ እንዲገባን የህንዶቹን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። ቁጥር የማይወድ አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

ህንዶቹ የሚነሡት ቀን ከመቁጠር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3102 ዓመት ጀምሮ እስከሚፈለገው ዕለት ድረስ ስንት ቀን እንዳለፈ ይቆጥራሉ። ሱርያ ሲድሃንታ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በ4,320,000 ዓመት ውስጥ 1,577,917,828 ቀናት እንዳሉና ጨረቃ በዚያ ጊዜ ውስጥ 57,753,336 ጊዜ ከዋክብትን እንደምትዞር ይናገራል። ያለፈውን ቀን በዙሮቹ ቁጥር አባዝቶ ለጠቅላላው ቀን ማካፈል ነው፤ የአምስት ኪሎ ዋጋ የሚያውቅ ባለሱቅ የሁለት ኪሎ ከሩቡን ዋጋ ሲያወጣ ከሚሠራው አይለይም። ሙሉ ዙሮቹ ይጣላሉ፣ ትራፊው የጨረቃ አማካይ ቦታ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች የአንዱ ዙር ርዝመት 27.32167 ቀን ሆኖ ይገኛል። የዛሬ ሳይንቲስቶች በመሣሪያ የሚለኩት ከዚህ የሚለየው በአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

አማካይዋ ጨረቃ ግን በወረቀት ላይ እንጂ በሰማይ የለችም። እውነተኛዋ ጨረቃ አንዳንድ ቀን 12 ዲግሪ ያህል፣ አንዳንድ ቀን 15 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች። ከምድር ስትርቅ ትዘገያለች፣ ስትቀርብ ትፈጥናለች፤ የምትርቅበት ቦታ ራሱም ዘጠኝ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ሰማዩን አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህንን የጥንቶቹ ያውቁ ነበር። ማረሚያውን የሚያወጡት በሳይን ሰንጠረዥ ነው። በትምህርት ቤት ስንቱን ያስጨነቀው ሳይን አርያባታ የተባለው የህንድ ሊቅ በ499 በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በ24 ቁጥሮች ተዘርዝሮ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የጨረቃ ቦታ ከፀሐይ ቦታ በስንት ዲግሪ እንደራቀ ይታያል። እያንዳንዱ 12 ዲግሪ አንድ ቲቲ ይባላል፤ በአንድ የጨረቃ ወር 30 ቲቲ አለ። ህንዶቹ የሚጾሙትም የሚያከብሩትም በቲቲ ነው። ክሪሽና የተወለደው በስምንተኛው ቲቲ ነው፤ በየአሥራ አንደኛው ቲቲ ብዙዎች ይጾማሉ። ጨረቃ አንዴ ስለምትፈጥን አንዴ ስለምትዘገይ አንዱ ቲቲ 20 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው 26 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ሲጀምርም ሆነ ሲያልቅ ቀን ነው ሌሊት ነው አይልም። የዕለቱ ስም የሚወሰነው በአብዛኛው ፀሐይ ስትወጣ በገባው ቲቲ ነው። እዚህ ላይ እንደ እኛ በሰው አገር ለሚኖር የሚያስደንቅ ነገር አለ። ካንዳፓራ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ናይሮቢ ላይ ከመውጣቷ ከሦስት ሰዓት ያህል በፊት ነው። በዚያ መሐል ቲቲው ቢለወጥ አንዱ ጾም በህንድ ሰኞ፣ በኬንያ እሑድ ሊውል ይችላል። ሰው አገር ሲቀይር ሒሳቡንም እንደገና ማውጣት አለበት ማለት ነው።

አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህችን 11 ወዲያው ያውቃታል፤ ጥንተ አበቅቴ ናት። የእኛ ሊቃውንት ትርፏን በ19 ዓመት ዑደት እያዞሩ ፋሲካን ያወጣሉ። ህንዶቹ ደግሞ በሁለት ሦስት ዓመት አንድ ወር ይጨምራሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእኛው ሒሳብ በዑደቱ ስለሚመራ ጨረቃዋ በዚያች ሰዓት የት እንደቆመች አይጠይቅም። የህንዶቹ ግን ሰዓቷን ይጠይቃል። ሰዓት የሚጠይቅ ሒሳብ ስሕተቱን ሊደብቅ አይችልም፤ ማንም ሰው ደጅ ወጥቶ ሊያየው ይችላል።

ወጣቱ ሳማንታ ደጅ ወጥቶ አየው። ስሕተቱ ከሁለት ቦታ የሚመጣ ነበር። አንደኛው የመጠራቀም ጉዳይ ነው። በአንድ ዙር አንድ ሰከንድ ማለት ምንም አይደለም፤ ጨረቃ ግን በዓመት ከ13 ጊዜ በላይ ስለምትዞር በሺህ ዓመት አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሚዛኑ በኪሎ ጥቂት ግራም የሚያጎድል ነጋዴ በቀን አይታወቅበትም፣ ዕቃ ቆጠራ ሲደርስ ግን ይታወቃል። ሁለተኛው የባሰ ነው። የጥንቶቹ ትልቁ ጭንቀት ግርዶሽ ነበር። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ስትሞላ ወይም ስትጠፋ ብቻ ስለሆነ ሒሳባቸውን ያስተካከሉት ለእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። በመካከል፣ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ሒሳቡ እስከ 2 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ድረስ ይስት ነበር። ይህ ስንት እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ክንዱን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ከጨረቃ አጠገብ ያድርግ፤ ስሕተቱ ከጣቱ ስፋት ጥቂት ይበልጣል። በጊዜ ሲለካ አምስት ሰዓት ያህል ነው። የክሪሽና ልደት የሚውልበት ስምንተኛው ቲቲ ደግሞ በትክክል ግማሽ ጨረቃ ላይ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ በተሳሳተ ሰዓት፣ አንዳንዴም በተሳሳተ ቀን ይጾምና ያከብር ነበር ማለት ነው። ለሚያምን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥፋቱን ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል። ካንዳፓራ ውስጥ ደግሞ መለኪያ የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። ሳማንታ መሣሪያዎቹን ከቀርከሃና ከእንጨት ራሱ ሠራ። ከሁሉ የታወቀው ማና ያንትራ ይባላል። እንደ ቲ ፊደል የተገጠመ ሁለት በትር ነው፤ የረጅሙ ጫፍ ዓይን ላይ ይደረጋል፣ በአግድሙ በትር ላይ በልክ የተሰነጠቁ ምልክቶች አሉ። በአንዱ ምልክት ጨረቃን፣ በሌላው የታወቀ ኮከብን እያዩ በመካከላቸው ያለውን ዲግሪ ማንበብ ነው። በዚሁ በትር የኮረብታን ከፍታም ይለካ እንደነበር ይነገራል። ከዚህ ሌላ የሰማይን ክቦች የሚያሳይ ጎላ ያንትራ የተባለ መሣሪያ፣ በጥላ የሚሠራ የፀሐይ ሰዓትና ሌሎችም ነበሩት። ያዩት ሰዎች የመሰከሩት መሣሪያዎቹ ለዓይን የሚማርኩ እንዳልነበሩ ነው፤ ይዟቸው የሚያድረው ሰው ግን አይሳሳትም ነበር።

በ1857 ከአንጉል ንጉሣዊ ቤተሰብ ሲታ ዴቪን አገባ። ስለ ሠርጉ የሚተረክ አለ። ሙሽራው መልኩ ያን ያህል ስላልነበረ የልጅቷ ወገኖች ቅር ተሰኝተው ነበር ይባላል፤ በሳንስክሪት ዕውቀቱ ፊታቸው ሲፈተን ግን ቅሬታው ጠፋ። ተረትም ይሁን እውነት ሙሽራይቱ ምን እንዳሰበች ተራኪዎቹ አይነግሩንም። ሌሊቱን ሙሉ ደጅ የሚያድር ባል እንዳገባች ግን ሳይቆይ ሳታውቅ አትቀርም።

ከ23 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ያየውን ሁሉ በሥርዓት መዘገበ። ጤናው ደካማ ነበር፤ ቢሆንም ዓመት ዓመትን ሲወልድ መዝገቡ አልተቋረጠም። ጨረቃን አንድ ሌሊት ለክቶ ማቆም አይረዳም። አካሄዷ የሚገለጠው በሙሉ፣ በግማሽና በሩብ፣ በክረምትና በበጋ፣ ስትቀርብና ስትርቅ ተለክታ ነው። ብዙ ዓመት የመዘገበ ሰው ልዩነቱ ዝም ብሎ የተበታተነ እንዳልሆነ፣ ሥርዓት እንዳለው ያያል።

ሳማንታ ሦስት ሥርዓት አገኘ። የመጀመሪያውን ቱንጋንታራ አለው፤ ትልቁ ይህ ሲሆን ግማሽ ጨረቃ ላይ እስከ 160 ደቂቃ፣ ማለትም ከላይ ያልነውን 2 ዲግሪ ከ40 ያርማል። ሁለተኛውን ፓክሺካ አለው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚመላለስ ሆኖ 38 ደቂቃ ያህል ይደርሳል። ሦስተኛው ዲጋምሳ ዓመታዊ ነው፤ ፀሐይ ከምድር በምትርቅበትና በምትቀርብበት ወቅት የሚለዋወጥ 12 ደቂቃ ያህል ነው። የዛሬው ሳይንስ ለሁለተኛው 39 ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ ለሦስተኛው 11 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። በቀርከሃ በትር! የጨረቃ ሙሉ ስፋት ራሱ 30 ደቂቃ ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ ዲጋምሳ ከግማሽ ጨረቃ ያነሰ ልዩነት ነው። የጨረቃ መንገድ ከፀሐይ መንገድ ምን ያህል እንደሚያዘነብልም እንደገና ለካ። ሱርያ ሲድሃንታ 4 ዲግሪ ተኩል ያለውን 5 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ አደረገው፤ የዛሬው ልኬትም እዚያው ላይ ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ሳማንታን ከምንም ተነሥቶ ሁሉን የፈጠረ ያስመስሉታል። እኛ በዚህ አንስማማም። ከእርሱ ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት በ932 ሙንጃላ የተባለ ህንዳዊ የመጀመሪያውን ማረሚያ ጽፎ ነበር። በውጭው ዓለምም ይኸው ማረሚያ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያው በጥሊሞስ፣ ሌሎቹ ሁለቱ በ1500ዎቹ መጨረሻና በ1600ዎቹ መጀመሪያ በቲኮ ብራሄና በኬፕለር ታውቀዋል። የሁሉም ምክንያት የፀሐይ ስበት ጨረቃን መጎተቱ እንደሆነ ኒውተን በ1687 አስረድቷል። ሳማንታ ስለ ስበት አልሰማም፣ የአውሮፓውያኑንም መጽሐፍ አላነበበም። የእርሱ ክብር ቀዳሚ በመሆኑ ላይ አይደለም። በአያቶቹ ዘዴ ላይ ቆሞ፣ ዘዴውን ሳያፈርስ፣ በራሱ ዓይን እዚያው መድረሱ ላይ ነው።

ያየውን መጻፍ የጀመረው በ26 ዓመቱ ገደማ ሲሆን በ1869 ጨረሰ። በዚህ መካከል በ1866 ኦዲሻን ታላቅ ረኀብ መታት። ዝናቡ ቀረ፣ እህሉ ጠፋ፣ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ዘግይተው ነቁ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ፣ ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው፣ አለቀ። የአገራችንን ክፉ ቀን ያየ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ማስረዳት አያስፈልገውም። የመጽሐፉ ገጾች የተጻፉት በእንዲህ ያለ ዘመን ነው።

መጽሐፉ ሲድሃንታ ዳርፓና ይባላል፤ የጥንቱ ሒሳብ መስታወት እንደ ማለት ነው። ቋንቋው ሳንስክሪት፣ ፊደሉ የኦዲያ፣ ብራናው የዘንባባ ቅጠል፣ ብዕሩ ሹል ብረት ነበር። በ24 ምዕራፍ 2,500 ያህል ግጥሞች አሉት፤ ከእነዚህ 2,284ቱ የራሱ፣ የቀሩት 216 ከቀደሙት ሊቃውንት የተወሰዱ ናቸው። ሒሳብ በግጥም መጻፉ ግር ያሰኝ ይሆናል። ግጥም በቃል ይያዛል፣ ቤቱ ሲሰበርም ይታወቃል፤ ቁጥር ግን ገልባጭ እጅ ላይ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ህንዶቹ ለቁጥር ቃል ይተካሉ፤ ጨረቃ ካሉ አንድ፣ ዓይን ካሉ ሁለት፣ ቬዳ ካሉ አራት ነው። የቅኔ ተማሪ የነበረ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደሚፈልገው፣ አንባቢያቸው በግጥሙ ውስጥ ቁጥሩን ይፈልጋል።

ትልቁ ፈተና ግን መጻፉ አልነበረም። የአባቶች መጽሐፍ ተሳስቷል የሚል ሰው በየትኛውም አገር በቀላሉ አይሰማም። በኦዲሻ የመጨረሻው ቃል የፑሪ ነው። በዚያ የሚገኘው የጃጋናት ቤተ መቅደስ በመላው ህንድ የታወቀ ነው፤ አማልክቱ የሚታጠቡበት፣ የሚለብሱበት፣ በታላላቅ ሠረገላዎች የሚወጡበት ሰዓት ሁሉ በዘመን መቁጠሪያ ይወሰናል። ሳማንታ የጥንቶቹን ሥርዓት ስላልነካ፣ ያረመውም ማንም በሰማይ ላይ ሊያየው በሚችለው ነገር ስለሆነ፣ ሒሳቡ በፑሪ ተቀባይነት አገኘ፤ የፑሪው ንጉሥም ማዕረግ ሰጠው። በእኛ አስተያየት የሕይወቱ ትልቁ ድል ይህ ነው። የውጭ ሰዎች ምስጋና በኋላ የመጣ ነው።

እርሱም ቢሆን የመጣው በአንድ መምህር ጥረት ነው። በካታክ ከተማ በራቨንሾ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ጆጌሽ ቻንድራ ራይ ስለ ሰውየው ሰምቶ ፈለገው፣ ጠየቀው፣ ሥራውን መረመረው፣ አመነም። የዘንባባውን ጽሑፍ ለማተሚያ አዘጋጅቶ፣ ረጅም የእንግሊዝኛ መግቢያ ጽፎለት፣ የአትማሊክና የማዩርባንጅ ነገሥታት ወጪውን ረድተው በ1899 በካልካታ ታተመ። ከተጻፈ 30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ኔቸር የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት መጽሐፉን ገምግሞ ሳማንታን ከዴንማርኩ ከቲኮ ብራሄ ጋር አመሳሰለው። የእንግሊዝ መንግሥትም አስቀድሞ በ1893 ማሃማሆፓድያያ የሚለውን የሊቃውንት ማዕረግ ሰጥቶት ነበር። ራይ ያን ሁሉ ባይደክም ኖሮ ዛሬ ይህን የምናነብበት መንገድ አይኖርም ነበር። መምህራን ለሰው የሚያደርጉት እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ከቲኮ ጋር መመሳሰሉ በአንድ ሌላ ነገርም ገጥሟል። ሁለቱም ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ ይሄዳሉ፣ ፀሐይ ግን በምድር ዙሪያ ትሄዳለች ብለው ያምኑ ነበር። ሳማንታ ምድር ቆማለች እንዳለ ነው የሞተው፤ አርያባታ ግን በ499 ምድር በራሷ ትሽከረከራለች ብሎ ጽፎ ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጨረቃ በእርግጥ በምድር ዙሪያ ስለምትሄድ ለጨረቃው ሒሳብ ይህ እምነቱ አልጎዳውም።

የዘመን መቁጠሪያ ክርክር ከእርሱ በኋላም አላለቀም። በጎረቤት ቤንጋል ከ1890 ጀምሮ አሮጌውን ሒሳብ የሚከተልና የታረመውን የሚከተል ሁለት ዓይነት መቁጠሪያ እየታተመ፣ በአንድ መንደር ውስጥ የአንዱ በዓል ሰዓት ለሁለት የሚከፈልበት ጊዜ አለ። ከነጻነት በኋላ የህንድ መንግሥት በሳይንቲስቱ በሜግናድ ሳሃ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ ሲያስጠና በአገሪቱ 30 ያህል የተለያዩ መቁጠሪያዎች ተገኙ። በ1957 አንድ ብሔራዊ መቁጠሪያ ታወጀ። ሕዝቡ ግን ለጾሙና ለበዓሉ ዛሬም የሚያየው የቲቲውን ነው፤ የሱቅ ጎረቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉትም እርሱኑ ነው።

ፓታኒ ሳማንታ ጁን 11 ቀን 1904 በ68 ዓመቱ በፑሪ አረፈ። የኮከብ ቆጠራም ያውቅ ስለነበር የሚሞትበትን ቀን አስቀድሞ አስልቶ ወደ ፑሪ የሄደው ለዚሁ ነው የሚሉ አሉ። በሂንዱ ዘንድ በዚያች ከተማ መሞት እንደ ጸጋ ይቆጠራልና ታሞ የነበረ ሽማግሌ ወደዚያ ቢሄድ አያስገርምም። ዛሬ በኦዲሻ ዋና ከተማ በቡባኔሽዋር ሰማይን ለተማሪዎች የሚያሳየው ትልቁ ማዕከል በስሙ ይጠራል፤ ፑሪ ውስጥም በስሙ የተሰየመ ኮሌጅ አለ። ልጆቻችን መሞከር ቢፈልጉ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ቀጥ ያለ በትርና ደመና የሌለበት ሌሊት ነው፤ ሲጀምሩ ጨረቃ ግማሽ የሆነችበትን ማታ ይምረጡ።